ሳሙኤል ኮልት፦ ስሙ በብረት ላይ የቀረው ሰው

በሀገራችን የጦር መሣሪያ ሲወረስ፣ ሲሸለምና ሲፎከርበት ኖሯል። አያቶቻችን ብዙውን መሣሪያ የሚጠሩት በሠሪው ስም ነበር። ውጅግራ የሚለው ስም የመጣው ግራ ከተባለው ፈረንሳዊ የጦር መኮንን ነው፤ መውዜርም የሁለት ጀርመናውያን ወንድማማቾች የቤተሰብ ስም ነው። ኮልት የሚለውም እንዲሁ የሰው ስም ነው። ሽጉጡን በስሙ የሚጠራው ብዙ ነው፤ ባለ ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

በአሜሪካ አሮጌ ሽጉጥ ገዝቶ የኋላ ታሪኩን መመርመር የብዙ ሰዎች ልማድ ነው። አሮጌ ኮልት የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መሣሪያውን እያገላበጠ በብረቱ ላይ የተመቱትን ቁጥሮችና ምልክቶች መፈለግ ነው። በአፈሙዙ ላይ የሳሙኤል ኮልትን ስም ያገኛል። ይሁንና ብረቱን ያጋለው፣ የሞረደውና የገጣጠመው ማን ነው ብሎ ሲመረምር መልሱ እንደ ስሙ ቀላል አይሆንለትም። ኮልት በገዛ እጁ ሽጉጥ የሚሠራ አንጥረኛ አልነበረምና። ይህ ጽሑፍ የዚያን ሰው ሕይወት፣ ከስሙ በስተጀርባ የነበሩትንም እጆች ያስታውሳል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳሙኤል ኮልት በሐምሌ ወር 1814 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በኮኔቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ከተማ ተወለደ። አባቱ ክሪስቶፈር ኮልት ነጋዴ ነበር። እናቱ ሣራ ሰባት ዓመት ሳይሞላው በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። የእናቱ አባት አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻ ለመውጣት በተዋጋችበት ጦርነት ያገለገለ መኮንን ነበር፤ ሕፃኑ ሳሙኤል ከዚህ አያቱ የቀረ አሮጌ ሽጉጥ ነበረው ይባላል። አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው ግላስተንበሪ በተባለ ቦታ ለሚኖር ገበሬ እንዲያገለግል ተሰጠ። በዚያም ከእርሻው ሥራ ጎን ለጎን ስለ ባሩድ፣ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ልዩ ልዩ ፈጠራዎች የሚያስተምር መጽሐፍ አግኝቶ ደጋግሞ ያነብ ነበር።

በ1829 በዌር መንደር ወደሚገኘው የአባቱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባ። በዚያ ዓመት የነጻነት በዓል ዕለት በኩሬ ላይ የተንሳፈፈ የእንጨት ታንኳ በባሩድ እንደሚያፈነዳ ለመንደሩ ሕዝብ አስነገረ። ሕዝቡም የበዓል ልብሱን ለብሶ ሊያይ ወጣ። ባሩዱ ሲፈነዳ የኩሬው ጭቃ ሁሉ በተመልካቹ ላይ ዘነበ። የተቆጣው ሕዝብ ልጁን ሊደበድብ በተነሣ ጊዜ ኤሊሻ ሩት የተባለ ወጣት መካኒክ መካከል ገብቶ አዳነው ይባላል። የዚህ መካኒክ ስም ከሃያ ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ሳሙኤል በትምህርት ቤትም አልጸናም። በ1830 በሌላ የባሩድ ጨዋታ እሳት አስነሥቶ ከተማሪ ቤት ወጣ። አባቱም የባሕር ሥራ እንዲለምድ ብሎ ወደ ሕንድ ካልካታ በምትጓዝ ኮርቮ በተባለች መርከብ ላይ አሳፈረው። በዚያ ረጅም ጉዞ የመርከቧን መሪ ሲያይ አንድ ነገር አስተዋለ። መሪው የቱንም ያህል ቢዞር ከዘንጎቹ አንዱ ሁልጊዜ ከመያዣው ጋር ይገጥማል። ያን ጊዜ እንጨት እየጠረበ የተሽከርካሪ ሽጉጥ ምሳሌ ሠራ ይባላል። ዕድሜው አሥራ ስድስት ዓመት ነበር።

ያ እንጨት ምን እንደ ሆነ ለመረዳት የዘመኑን መሣሪያ ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ አንድ ተኳሽ አንድ ጊዜ ከተኮሰ በኋላ ባሩድ አፍስሶ፣ አረር ጨምሮና ጠቅጥቆ፣ ማቀጣጠያውን አስተካክሎ እንደገና እስኪተኩስ ድረስ ባዶ እጁን እንደ ቆመ ሰው ነበር። ኮልት ያሰበው አምስት ወይም ስድስት ጉድጓድ ያለው የብረት ከበሮ ከአፈሙዙ በስተኋላ እንዲቀመጥ ነው። ተኳሹ መቺውን ብረት በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ሲስብ ከበሮው አንድ እርምጃ ይዞራል፤ የጎረሰው ጉድጓድ ከአፈሙዙ ጋር ሲገጥምም ይቆለፋል፤ ምላጩ ሲሳብ ይተኩሳል። ቀጣዩን ለመተኮስ ባሩድ ማፍሰስ አያስፈልግም፤ መቺውን ዳግመኛ መሳብ ብቻ ይበቃል።

ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። የሚዞር ከበሮ ያላቸው መሣሪያዎች ከኮልት በፊት በአውሮፓ ተሠርተዋል። ኮልት ራሱ በ1851 በለንደን ለመሐንዲሶች ባደረገው ንግግር ጥንታውያን ተሽከርካሪ ጠመንጃዎች መኖራቸውን አሳይቷል። የእርሱ ድርሻ ከበሮውን መቺው በተሳበ ቁጥር ራሱ እንዲዞርና እንዲቆለፍ ማድረጉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በብዛት ሊሠራ የሚችል ማድረጉ ነው።

ከሕንድ ሲመለስ አባቱ ሁለት መሣሪያዎች እንዲሠሩለት ገንዘብ ሰጠው። ሥራው በሃርትፎርድ ለሚኖር የጠመንጃ ባለሙያ ለአንሰን ቼዝ ተሰጠ። ጠመንጃው ሠራ፤ ሽጉጡ ግን በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። አባቱ ተስፋ ቆረጠ፤ ልጁ ግን አልቆረጠም። ሰውን የሚያስቅ ጋዝ በጋሪ ጭኖ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ትርኢት ያሳይ ጀመር። ራሱንም ከለንደንና ከካልካታ የመጣ ዶክተር አድርጎ አቀረበ። ዶክተር አልነበረም፤ በአደባባይ ቆሞ ሕዝብን የማሳመን ችሎታ ግን ነበረው። በዚህ ያገኘውን ገንዘብ ሁሉ ለሽጉጡ አዋለው።

በዚህ ጊዜ ነው በባልቲሞር ከተማ የሚኖረው ጆን ፒርሰን የመጣው። ኮልት ሐሳቡን ይናገራል፤ ብረቱን የሚሞርደው፣ የማይገጥመውን የሚያስተካክለው፣ የሚሰበረውን የሚተካው ፒርሰን ነው። የኮልት ስም የተመዘገበባቸው የመጀመሪያዎቹ በሚገባ የሚሠሩ መሣሪያዎች ከዚህ ባለሙያ እጅ ወጡ። ይሁን እንጂ ደመወዙ ይዘገይበት ነበርና ፒርሰን በደብዳቤ እያማረረ ክፍያውን ይጠይቅ ነበር። ሥራው በዓለም ሲታወቅ የእርሱ ስም በአፈሙዙ ላይ አልተጻፈም። ስለ አሮጌ ኮልት የሚመረምር ሰው በመጀመሪያ የሚገናኘው የተዘነጋ እጅ ይህ ነው።

ኮልት በ1835 በእንግሊዝ፣ በየካቲት 1836 ደግሞ በአሜሪካ የፈጠራ መብት አገኘ። ዕድሜው ሃያ አንድ ዓመት ነበር። በዚያው ዓመት ዘመዶቹና ባለ ገንዘቦች ተባብረው በኒው ጀርሲ ግዛት በፓተርሰን ከተማ ፋብሪካ አቋቋሙለት። የመጀመሪያው ሽጉጥ አምስት ጎራሽ ነበር። ዋጋው ግን ውድ ነው፤ አሠራሩም ስስ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የጦር ሹማምንት መሣሪያውን ፈትሸው ለወታደር እጅ አይበረታም አሉ። ኮልት ፍሎሪዳ ድረስ ወርዶ ከሴሚኖል ሕዝብ ጋር ለሚዋጉ ወታደሮች ሸጠ። በ1839 በዚያን ጊዜ ራሷን የቻለች ሀገር የነበረችው ቴክሳስ ለባሕር ኃይሏ 180 ሽጉጥ ገዛች። ይህ ሁሉ ፋብሪካውን አላዳነውም። በ1842 ተዘጋ።

ያ ዓመት በቤተሰቡም ላይ መከራ ያወረደ ነው። ታላቅ ወንድሙ ጆን በኒውዮርክ አንድ አታሚ ገድሎ የሞት ፍርድ ተፈረደበት፤ በስቅላቱ ዕለትም በእስር ቤት ራሱን አጠፋ። ሳሙኤል ፋብሪካውንም ወንድሙንም ያጣው በአንድ ዓመት ነው። ሆኖም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በውኃ ውስጥ ተቀብሮ በኤሌክትሪክ የሚፈነዳ ፈንጂ ሠራ። በ1844 በዋሽንግተን አጠገብ በፖቶማክ ወንዝ ላይ አንዲት መርከብ በሕዝብ ፊት አፈነዳ። መንግሥት ግን ፈንጂውን አልገዛውም። ከቴሌግራፉ ፈጣሪ ከሳሙኤል ሞርስ ጋር ወዳጅነት ይዞ ውኃ የማያስገባ የቴሌግራፍ ሽቦም ሠርቷል።

እርሱ ሽጉጡን በተወ ጊዜ ሽጉጡ እርሱን አልተወውም። ለቴክሳስ ባሕር ኃይል የተገዙት መሣሪያዎች ከጊዜ በኋላ ሬንጀርስ ለተባሉት የቴክሳስ ፈረሰኞች ደርሰዋል። በ1844 በጆን ሄይስ የሚመሩ ጥቂት ፈረሰኞች በቁጥር የሚበልጧቸውን የኮማንቼ ተዋጊዎች በእነዚህ ሽጉጦች አሸነፉ። ቀድሞ የኮማንቼ ፈረሰኛ ጠላቱ አንድ ጊዜ ተኩሶ እንደገና እስኪጎርስ ድረስ ብዙ ቀስት መወርወር ይችል ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ይህ ብልጫው ቀረ። ለአንዱ ወገን ጋሻ የሆነው መሣሪያ፣ ለነባሩ የምድሪቱ ባለቤት መሬቱን የሚያስለቅቅ ሆነ። የኮልትን ታሪክ የሚያነብ ሰው ይህን ገጽ ዘልሎ ማለፍ አይገባውም።

በ1846 አሜሪካና ሜክሲኮ ተዋጉ። ከሬንጀርስ አንዱ የነበረው ካፒቴን ሳሙኤል ዎከር ስለ ሽጉጡ መልካምነት ለኮልት ጻፈለት፤ እንዲሻሻልም ሐሳብ አቀረበለት። ስድስት ጎራሽ ይሁን፣ ይበርታ፣ ክብደትም ይኑረው አለ። መንግሥትም 1 ሺህ ሽጉጥ አዘዘ። ኮልት በዚያን ጊዜ ፋብሪካም ገንዘብም አልነበረውም። እንዲያውም ለናሙና የሚሆን ከራሱ አሮጌ ሽጉጦች አንድ ሊገዛ ፈልጎ አጣ ተብሎ ይነገራል። ራሱ ያሠራውን መሣሪያ ከሰው እጅ ለመግዛት የተንከራተተ ሰው ታሪክ እውነት ቢሆንም ባይሆንም ያለበትን ሁኔታ በሚገባ ያሳያል።

ሽጉጦቹ የተሠሩት የኤሊ ዊትኒ ልጅ ባስተዳደረው የኮኔቲከት ፋብሪካ ነው። የዎከር ኮልት የተባለው ይህ መሣሪያ ሁለት ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከወገብ ይልቅ በኮርቻ ላይ ተሰክቶ የሚያዝ ነበር። ካፒቴን ዎከር ግን ብዙ አልተጠቀመበትም። በጥቅምት ወር 1847 በሜክሲኮ ሁዋማንትላ በጦርነት ወደቀ።

በዚያ አንድ ትእዛዝ ኮልት ተነሣ። በተወለደባት በሃርትፎርድ የራሱን ፋብሪካ አቆመ። በ1849ም ያን ጊዜ ከተቆጣው ሕዝብ ያዳነውን መካኒክ ኤሊሻ ሩትን ፈልጎ በዓመት 5 ሺህ ዶላር ቀጠረው፤ ይህም በዘመኑ እጅግ ከፍተኛ ደመወዝ ነበር። ከፒርሰን ጋር ሲነጻጸር ኮልት አንድ ነገር ተምሯል ማለት ነው። ብልሃተኛ እጅ ያለው ሰው ሳይከፈለው አይቆይም።

ሩት የሠራው ሥራ ከሽጉጡ ይበልጣል። ብረት የሚቀጠቅጡ፣ የሚሰረስሩና የሚቆርጡ ማሽኖችን አዘጋጀ። ከዚያ በፊት አንድ አንጥረኛ አንድን መሣሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሠራ ነበር፤ የአንዱም ክፍል ለሌላው አይገጥምም። በሃርትፎርድ ግን አንዱ ሠራተኛ ከበሮ ብቻ፣ ሌላው ምላጭ ብቻ ይሠራል፤ ክፍሎቹ ሁሉ በማሽን በአንድ ልክ ይወጣሉ። በዚህ መንገድ ዋጋው ረከሰ፤ ብዛቱም ጨመረ። በ1851 ስሙን ያገኘው የባሕር ኃይል ሽጉጥ የተባለው ዓይነት ብቻ በዓመታት ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ተሠርቷል። በዚያ ፋብሪካ ከሠለጠኑት መካከል ፕራት እና ዊትኒ የተባሉ ሁለት ሰዎች ወጥተው የራሳቸውን የማሽን ሥራ ድርጅት መሠረቱ። ስማቸው ዛሬ ከባሕር ዳርና ከጎንደር ሰማይ በላይ በሚበሩት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ሞተር ላይ ይገኛል።

ኮልት ነጋዴነቱም እንደ ፈጠራው ነበር። በ1851 በለንደን በተካሄደው ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን መሣሪያዎቹን አቀረበ። ጥቂት ቆይቶም በቴምዝ ወንዝ ዳር ፋብሪካ ከፈተ፤ ይህ ፋብሪካ ግን ከጥቂት ዓመታት በላይ አልቆየም። ለነገሥታትና ለመሪዎች የሚሰጡ ልዩ ሽጉጦችንም ያሠራ ነበር። ከጀርመን የመጣው የቅርጽ ባለሙያ ጉስታቭ ያንግ የመሳሰሉ ሰዎች ብረቱን በሐረግ ያስጌጡት፣ ወርቅም ያፈሱበት ነበር። ለኦቶማን ቱርክ ሱልጣን ለአብዱልመጂድ ተሰጠ የሚባለው በወርቅ ያጌጠ ሽጉጥ ዛሬ በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይታያል። ለሱልጣኑ ሩሲያ እየገዛች ነው እያለ፣ ለሩሲያው ንጉሥም ቱርክ እየገዛች ነው እያለ ሁለቱንም አስገዛ የሚል ወሬ ስለ እርሱ ተያይዞ ቆይቷል።

በ1855፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዓመት፣ በሃርትፎርድ በኮኔቲከት ወንዝ ዳር ሰፊው አዲስ ፋብሪካ ተጠናቀቀ። ቦታው ጎርፍ የሚያጠፋው ሜዳ ስለ ነበር ብዙዎች ተሳልቀውበታል። እርሱ ግን ረጅም የአፈር ግድብ ሠራ፤ ግድቡን ውኃ እንዳይንደውም የአኻያ ዛፍ ተከለበት። ዛፉ ባደገ ጊዜ ቅርንጫፉን የሚጠቀም የወንበርና የጠረጴዛ ሥራ አቋቁሞ ከጀርመን የመጡ ባለሙያዎችን አስገባበት። አፈሩን ለማዳን የተተከለ ዛፍ ገቢም አመጣ። በፋብሪካው ዙሪያ የሠራተኞች ቤትና የመሰብሰቢያ አዳራሽ ሠራ። የሥራውን ሰዓትም በቀን አሥር አደረገ፤ ለዘመኑ ይህ እንደ መልካም ነገር ይቆጠር ነበር።

በ1856 ኤልሳቤጥ ጃርቪስን አገባ። ሀብቱ በዛ፤ ቤቱ ግን ኀዘን አላጣውም። ከልጆቻቸው ለአካለ መጠን የደረሰው ካልድዌል የተባለው ወንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በሕፃንነታቸው ሞቱ። የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ ሊዋጉ ሲዘጋጁም ኮልት እስከ ጦርነቱ ዋዜማ ድረስ ለሁለቱም ወገን መሸጡን አላቆመም። በዚህም በራሱ ሀገር ሰዎች ብርቱ ወቀሳ ደረሰበት። ጦርነቱ ሲጀመር ግን ፋብሪካው ለሰሜኑ ጦር መሥራቱን ቀጠለ። ኮልት የጦርነቱን ፍጻሜ ሳያይ በጥር ወር 1862 በአርባ ሰባት ዓመቱ ታሞ ሞተ።

ከእርሱ ሞት በኋላ ድርጅቱን የመራው ኤሊሻ ሩት ነው። በ1864 የፋብሪካው ትልቁ ክፍል በእሳት ወደመ፤ ኤልሳቤጥ መልሳ አሠራችው። ለሠራተኞቹ መጸለያ፣ ለባሏና ለልጆቿም መታሰቢያ እንዲሆን በፋብሪካው አጠገብ ቤተ ክርስቲያን አቆመች። በአንደኛው በር ድንጋይ ላይ ከመስቀሎቹ ጋር የሽጉጥ ክፍሎች ተቀርጸዋል። ሕይወት በሚለመንበት ደጅ ሕይወት የሚያጠፋው ብረት ተቀርጾ መታየቱ የዚያን ቤተሰብ ታሪክ ሁሉ ይናገራል። በፊልም የምናውቀው የፈረሰኞች ኮልት የወጣው በ1873፣ ባለቤቱ ከሞተ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በዓለም የተሠራጨውን የኮልት አውቶማቲክ ሽጉጥ የፈጠረውም ጆን ብራውኒንግ የተባለ ሌላ ሰው ነው። ስሙ ግን ኮልት ሆኖ ቀረ።

አሁን አሮጌውን ሽጉጥ ገዝቶ ወደሚያገላብጠው ሰው እንመለስ። ከበሮው ላይ በጥንቃቄ ቢያይ መርከቦች ሲዋጉ የሚያሳይ ሥዕል ያገኝ ይሆናል፤ የቴክሳስ ባሕር ኃይል በ1843 ያደረገው ውጊያ ነው፤ ቅርጹን ያወጣው የገንዘብ ኖት ማተሚያ ቅርጽ የሚሠራው ኦርምስቢ ነው። ከአፈሙዙ በታች፣ በምላጩ መከለያና በመያዣው ላይ ደግሞ አንድ ዓይነት ቁጥር ተደጋግሞ ተመትቶ ያያል። ቁጥሮቹ ከተስማሙ መሣሪያው እንደ ተወለደ አለ፤ ካልተስማሙ በመካከል የሌላ ሽጉጥ አካል ገብቶበታል ማለት ነው። ዋጋውም በዚሁ ይወሰናል።

እነዚያ ቁጥሮች ግን ከዋጋ የሚበልጥ ነገር ይናገራሉ። ክፍሎቹ ሁሉ በማሽን በአንድ ልክ ወጥተው ቢሆን ኖሮ በየክፍሉ ላይ ቁጥር መምታት ባላስፈለገም ነበር። ቁጥሩ የተመታው በመጨረሻ አንድ ሠራተኛ ሞረዱን ይዞ፣ አንዱን ክፍል ለሌላው በእጁ አስማምቶ ስለሚገጥመው ነው። ከተለያየ ዳግመኛ ጓደኛውን እንዲያገኝ ምልክት ያስፈልገዋል። እንግዲህ በማሽን ኃይል የታወቀው ሽጉጥ እንኳ ያለ ሰው እጅ አልቆመም።

ሳሙኤል ኮልት የማይታክት ሰው ነበር፤ ሲወድቅ ይነሣል፤ ሰውን ያሳምናል፤ የጎደለውን የሚሞላለትን ባለሙያ ፈልጎ ያገኛል። ስሙ በብረቱ ላይ መቅረቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ዳሩ ግን አሮጌውን ሽጉጥ የሚመረምር ሰው ከስሙ አልፎ ቁጥሮቹን ሲያነብ ደመወዙ የዘገየበትን ፒርሰንን፣ ማሽኑን ያዘጋጀውን ሩትን፣ ስማቸው በየትም ያልተጻፈውንም ሞራጆች ያገኛቸዋል። ማረሻውን የሚሠራለትን አንጥረኛ ስም የሚያውቅ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ብረት የሠሪውን እጅ አይረሳም፤ የሚረሳው ሰው ነው።